የከበቡሽ ማሽን ሰው አይይዝም

ሐዳሳ ማሽኑ ክዳን ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ሁለት እድርተኞች ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ውጪው በር ሊያወጡት ገና ከመሬት ማንሳታቸው ነበር። ለቀስተኛ ፍራሽ ላይ ኩርምት ብላ እንጂ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ እግሯን አንጠልጥላ ስትቀመጥ አይተው ስለማያውቁ፣ ግራ ገብቷቸው መልሰው አስቀመጡት። ድንኳኑ ውስጥ አንዴ በአማርኛ አንዴ በሲዳምኛ ይዘመር የነበረው መዝሙር እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

አጎቷ ጋሽ በርናባስ ከወንዶቹ መደዳ ተነስተው መጡ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ የእድሩም ዳኛ። በዚያ ሰፈር እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ቃል የሚጨምር ሰው ብዙ አይገኝም።

«ውረጂ ልጄ» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው እያየን ነው።»

«ይየና» አለች ሐዳሳ። «እኔም የወጣሁት እንዲያየኝ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ከበቡሽ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ግቢዋ ጓሮ፣ ከዚሁ ነጭ ማሽን አጠገብ ወድቃ ተገኘች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሷል ብለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡ። ሞት ግን ሰበብ አያጣም፤ ሰፈሩም ከወረቀቱ ይልቅ ማሽኑን አመነ። እጇ እርጥብ ነበር፤ አጠገቧ የኤሌክትሪክ ገመድ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምስክር ማን ይጠራል? ሐሙስ ቀብሩ ላይ ጋሽ በርናባስ የሕይወት ታሪኳን ሲያነብቡ፣ መጨረሻው ላይ «ባልተማረችው ሙያ ገብታ፣ በኤሌክትሪክ አደጋ ከመካከላችን ተለየች» አሉ።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ከቀብር ተመላሹ ቀድማ ከተማ ገባች። ዛሬ ዓርብ ጠዋት፣ አሞራ ገደል አካባቢ ላሉ ማረፊያ ቤቶች አንሶላ የምታጥበው ፍቅርተ ልቅሶ ልትደርስ መጥታ ነበር። ሐዳሳን አቅፋ አልቅሳ ስታበቃ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለቻት፦ ከከበቡሽ የወሰደችውን ማሽን ነቅላ ጥግ አስይዛዋለች፤ ልጆቿም እንዳይነኩት ከልክላለች። የምታውቃቸው ሌሎች ሴቶችም እንደዚሁ።

ሐዳሳ ከፍራሹ የተነሳችው ያን ጊዜ ነው። እናቷ በሃያ ዓመት ውስጥ አርባ ምናምን አሮጌ ማሽን ከሞት አስነስታለች። ያ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ በተጻፈች አንዲት መስመር ሊቀበር ነው። ጋሽ በርናባስ ደግሞ ቁራሌው ነገ ይምጣ ብለው፣ ጓሮ ያሉት ስድስት ማሽኖች በሩ ጋ እንዲደረደሩ አዘዋል። የመጀመሪያው ላይ አሁን እሷ ተቀምጣለች።

«እህቴን የገደለ ብረት ከልጇ ጋር አንድ ግቢ አያድርም» አሉ።

«የገደላት እሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«አንቺስ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

ሐዳሳ የክዳኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። ይህን ብታውቅ ኖሮ ማሽኑ ላይ መውጣትም ባላስፈለጋት። ያም ሆኖ አልወረደችም።

«እስከ ነገ ይስጡኝ» አለች፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «ድንኳኑ ሳይፈርስ ይህን ማሽን ገጥሜ፣ ውሃ ሞልቼ አስነሳዋለሁ። ሲዞር እጄን እከትበታለሁ። ከያዘኝ ከጎኗ ቅበሩኝ። ካልያዘኝ፣ ሐሙስ ያነበቧትን ቃል እዚሁ ሰው ፊት ይመልሷታል።»

ከሴቶቹ በኩል የድንጋጤ ጉምጉምታ ተሰማ። ጋሽ በርናባስ ሐዘን አእምሮዋን እንደነካው ሊናገሩ ሲጀምሩ፣ ጎረቤቷ እትዬ አስማ ከኋላ ሆነው ጣልቃ ገቡ። ጨርቃ ጨርቅ ሻጭ ናቸው፤ ረቡዕ ዕለት ከበቡሽን ወድቃ ያገኟት እሳቸው ነበሩ።

«ጋሽ በርናባስ፣ ብረት እግር የለው፤ እስከ ነገ የት ይሄዳል? ይልቅ ሻይ ይቀርብልዎ።»

እድርተኞቹ ይህን እንደ ፍርድ ቆጥረው ሄዱ።

ከበቡሽ ባሏ ሲሞት ሐዳሳ አራት ዓመቷ ነበር። ያን ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች ለሚያስተዳድሩት አንድ እንግዳ ማረፊያ ልብስ ታጥብ ነበር። ማረፊያው ከላይ የሚከፈት ትልቅ ማሽን ነበረው። አንድ ቀን ሞተሩ ብቻውን እያጓራ ልብሱን ማንቀሳቀስ ተወ፤ አዲስ ከፊት የሚከፈት አስመጡና አሮጌውን ዶሮ ቤት አጠገብ ጣሉት። ዶሮዎች ክዳኑ ላይ ማደር ጀመሩ። ከበቡሽ ለአንድ ወር ስትወጣ ስትገባ ካየችው በኋላ ስጡኝ ብላ ጠየቀች፤ በጋሪ ጭና ቤቷ አመጣችው።

አንሶላ መሬት ላይ ዘርግታ፣ የፈታችውን ሁሉ በወጣበት ተራ ደረደረች። ሐዳሳ ያን አንሶላ እንዳትረግጥ በየደቂቃው ትቆጣ እንደነበር ታስታውሳለች። በአራተኛው ቀን ከበቡሽ መልሳ ስትገጥመው አንድ ብሎን ተረፋት። ማሽኑ ግን ዞረ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲያይ ብሎኑን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ ፈረንጅ ብረት ያባክናል አለች፤ ሰፈሩ ለዓመታት ሲስቅበት ኖረ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ጓሮ ውስጥ ዝጎ የተቀመጠ ማሽን ሁሉ ወደ እሷ መምጣት ጀመረ። አዲሶቹን አትነካም። አዲሱ ማሽን ውሃ ሲጠፋ እንደ ሙሽራ ይኮራል፣ አሮጌው ግን በጀሪካን ብታጠጪውም ይሠራል ትል ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሁሉም የምትወደው በርሜሉ መሃል ቆሞ ልብሱን ወዲያና ወዲህ የሚያላጋውን ክንፋም ምሰሶ ነበር። የማሽኑ መጽሐፍ አጂቴተር ይለዋል፤ እሷ ግን ማማሰያው ነው የምትለው።

ሐዳሳ ሃንጋሪ አምስት ዓመት ስለ ማሽን ተምራ ከተመለሰች ስምንት ወሯ ነው። አንድ ፋብሪካ ገብታ በሁለተኛው ወር ወጣች። ልሂድ ትላለች፣ ደግሞ ልቆይ ትላለች፤ ሻንጣዋን እንኳ ግማሹን ብቻ ነው ያራገፈችው። እናቷ አንድ ቀን እስቲ አግዢኝ ብላ አንድ ሰማያዊ ማሽን ሰጠቻት፤ ማማሰያው በሳሙና ዝቃጭና በዝገት ተጣብቆ አልወጣ ብሎ ነበር። ሐዳሳ አሰበች፣ አሰላች፣ መዶሻ አነሳች። በሦስተኛው ምት አንደኛው ክንፍ ተሰብሮ እግሯ ሥር ወደቀ። ከሌላ አሮጌ ማሽን ካልተገኘ በቀር የማይተካ ዕቃ ነበር።

በማግሥቱ ከበቡሽ ሌላ ማሽን ከፍታ፣ የፈላ ውሃ እስከ ማማሰያው ክንፍ ድረስ ሞላች። ሻይዋን እስክትጨርስ ተወችው። ከዚያ መቀነቷን ፈትታ ከክንፎቹ ሥር ጠመጠመች፤ ጉልበቷን በርሜሉ ላይ አስደግፋ አንዴ ሳብ ስታደርገው፣ ጥርስ እንደሚነቀል ሆኖ ወጣ።

«ብረት እንደ አማት ነው» አለቻት። «ሲሞቅለት ይለቃል፤ ሲመቱት ይቀየማል።»

ዓርብ ከሰዓት፣ ለቀስተኛው ሲቀል፣ ሐዳሳ እትዬ አስማን ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ረቡዕ ዕለት ገመዱ ሶኬት ውስጥ ተሰክቶ እንደነበር ጠየቀቻቸው። እትዬ አስማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ድንጋጤ ነው፤ መጀመሪያ የያዝኩት ገመዱን ነው። ጎተትኩት። ከሶኬቱ ይሁን ከመሬት፣ ወላሂ አላውቅም ልጄ።»

ሐዳሳ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ይህ ነው፦ ማክሰኞ ዕለት ገመዱን የገጠመችው እሷ ናት። እናቷ ዓይኔ ደከመ ብላ ለመነቻት። ሐዳሳ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ፣ ሃንጋሪ ከቀረች ጓደኛዋ ጋር እየተጻጻፈች ነበር የሠራችው። እናቷ አረንጓዴውን አጥብቀሻል ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻት። አረንጓዴው ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ በሰው ገላ ሳይሆን በራሱ በኩል ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ነው። «እማዬ፣ አምስት ዓመት የተማርኩት ለዚህ አይደል?» ብላ መለሰችላት። ማጥበቋን ግን አታስታውስም። ካላጠበቀችው፣ ከያዛትም፣ እናቷን የገደላት ያልተማረ ሰው ሥራ ሳይሆን የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ካቻቢቴ አነሳች። የኋላ ክዳኑን አራት ብሎኖች ፈታች፤ እትዬ አስማ በመዳፋቸው ያዙላት። ክዳኑ ተነሳ።

አረንጓዴው ሽቦ ቦታው ላይ ነበር። ነገር ግን ሐዳሳ እንደተወችው አልነበረም። ጫፉ ተቆርጦ በአዲስ ተልጧል፤ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ጠብቋል፤ በላዩ ጥቁር የልብስ ስፌት ክር ሦስት ዙር ተጠምጥሞ፣ ቁልፍ ሲተከል እንደሚደረገው ተቋጥሯል። በዚህ ከተማ ሽቦን በስፌት ክር የምትቋጥር አንዲት ሴት ብቻ ናት። ልጇ ስትተኛ ወይም ውጪ ስትወጣ ከፍታዋለች፤ የደከመ ዓይኗን አፍጥጣ ስህተቱን አርማለች፤ ዘግታዋለች። ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ላይ እንኳ አላነሳችባትም።

ሐዳሳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐሙስ መቃብሩ አፍ ላይ ያልመጣው ልቅሶ አሁን መጣ። እትዬ አስማ ምን እንዳየች አልጠየቋትም፤ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪወጣላት ጠበቁ። ሲወጣላት ፊቷን ጠራርጋ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን አምጥታ፣ መስመሩን አንድ በአንድ ፈተሸች። ደህና ነበር። መለኪያውን ወደ ሳጥኑ መልሳ፣ ነገ መለኪያ የሚያምን የለም፣ ሰው የሚያየው እጅ ነው አለች።

ቅዳሜ የመዝጊያው ጸሎት ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን ድንኳኑ መሃል አስቆመችው። ከበቡሽ ረቡዕ አጥባ በርጩማ ላይ ያሰጣችውን ማማሰያ ሳሙና ቀብታ ዘንጉ ላይ ገፋ ስታደርገው ገብቶ ተቀመጠ። አራት ጀሪካን ውሃ ሞላች። ቀጥሎ ከቤት የእናቷን ልብሶች በክንዷ ታቅፋ አመጣች። በእነሱ ቤተሰብ የሟች ልብስ በሦስተኛው ቀን በዘመድ ይታጠብና ለሚያስፈልገው ይሰጣል።

«ይኼስ በእጅ ነው የሚታጠበው» አሉ ጋሽ በርናባስ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው።

«የእሷ እጅ ይኸው ነው» አለች ሐዳሳ፤ ልብሶቹንም አንድ በአንድ ከተተቻቸው።

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ልታነብበው የጻፈችው ወረቀት ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም።

«ይህን ገመድ ማክሰኞ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልል አድርጌ ነው ያሰርኩት። ሰው የሚገድል ስህተት ነበር። ያረመችው እናቴ ናት፤ ለማንም ሳትናገር፣ ለእኔም ጭምር። ሙያውን ያልተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ተምራዋለች። ይህን ነው ማለት የፈለግሁት።»

ሶኬቱን ሰካች። ማሽኑ ጥቂት አጓራ፣ ከዚያ ማማሰያው ወደ ቀኝ ዞረ፣ ቆም አለ፣ ወደ ግራ ተመለሰ። ውሃው ጠርዙን እየመታ አረፋ አነሳ። ሐዳሳ እጅጌዋን ሰብስባ ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች።

አንዲት ሴት የኢየሱስን ስም ጠራች። ሐዳሳ አልተንቀሳቀሰችም። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ማማሰያው በዞረ ቁጥር ልብሶቹ እጇን እየነኩ ያልፋሉ፤ ሻሹን ለየችው፣ የሥራ ሽርጡንም በሸካራነቱ አወቀችው። አረንጓዴው ቀሚስ ሲመጣ እጅጌው አንጓዋ ላይ ተጠመጠመ፤ ማሽኑ አቅጣጫ ሲቀይር ፈታ ብሎ ሄደ። ተመልሶ እስኪመጣ ጠበቀችው።

ፍቅርተ ተጠግታ አየች። ለእትዬ አስማ፣ ማሽኔን ዛሬውኑ ቤት ስገባ እሰካዋለሁ ስትል ተሰማች፤ ለአንሶላዎቹ ይሁን ለከበቡሽ ስትል አልታወቀም። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች መጡ።

ጋሽ በርናባስ በወንዶቹ መደዳ ብቻቸውን ቆመው ቀርተው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዕንባ ያልታየበት ፊታቸው እንዳለ ነው። ቀስ ብለው መጡ፤ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ማሽኑ አጠገብ ሲደርሱ ወደ ውሃው አጎነበሱ። የእህታቸው ቀሚስ ብቅ ብሎ ሰጠመ።

«ሐሙስ ያነበብኩት...» አሉና አልጨረሱትም።

የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። የሸሚዛቸውን እጅጌ ከፍተው እስከ ክርናቸው ሰበሰቡ። ሐዳሳ እጇን ከውሃው ሳታወጣ ፈቀቅ አለችላቸው።