ለዪቻንግ የተጸለየ ዕለት

ማህደር ያን እሑድ ከአዳራሹ የወጣችው እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው። እውነቷንም ነው፤ እሷ ያልተናደደች ማን ይናደድ?

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው በየወሩ ለአንድ ሩቅ ከተማ ትጸልያለች። ከተማው በስላይድ ይቀርባል፤ ሕዝቡ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ ይማልዳል። የዚህ ወር ተራ የዪቻንግ ሆነ፤ ያንግትዜ ወንዝ ዳር ያለች የቻይና ወደብ። ማህደር ነርስነት የተማረችው እዚያ ስለሆነ የሚሲዮን ኃላፊው ጋሼ ፍቅሬ ኮል አደረጉላትና ስለ ከተማዋ ጻፊልን አሏት።

ኧረ እንዴት ደስ ብሏት ጻፈች! የጭነት መርከቦቹ ግድቡን ለማለፍ ተራ ሲጠብቁ፣ ኮረብታው ብርቱካን በብርቱካን ሲሆን፣ ጡረተኞቹ ወገባቸው ላይ ተንሳፋፊ ፊኛ አስረው ወንዙን ሲዋኙ። ስለ እትዬ ሊንም ጨመረች። እትዬ ሊን ከኑድል ቤታቸው በላይ ባለች ክፍል፣ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጌታ ያመጧት ሴትዮ ናቸው። ጸሎቱ መንግሥት ያልፈቀደው ነበርና ቢታወቅ መዘዙ ብዙ ነው። ማህደር ፎቷቸውን ስትልክ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው፣ በግልዎ ይጸልዩላቸው ብላ ነበር። ጋሼ ፍቅሬም አሜን ብለው ተቀበሉ።

እሑድ ስክሪኑ ሲበራ መርከብ የለ፣ ብርቱካን የለ፣ ዋናተኛ የለ። «በጨለማ የተዋጠች ከተማ» ይላል በትልቁ። የምን ጨለማ? ማህደር ስትታመም ጎረቤት ሾርባ ይዞ የመጣላት ከተማ ናት! ይህንንስ አለፈችው። ቀጥሎ ግን የእትዬ ሊን ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ ሙሉ ስማቸው፣ የኑድል ቤታቸው ሰፈር ሳይቀር ተጽፏል። ፕሮግራሙ ደግሞ በላይቭ ይተላለፋል።

ማህደር ብድግ ብላ «አጥፉት!» አለች። ሕዝቡ መንፈስ የነካት መስሎት አሜን አለ። ላይቩን አጥፉት ብትል ይባስ ብሎ ሃሌሉያ። ወደ ሚዲያ ጠረጴዛው ስትሮጥ ስላይዱን የምታስኬደው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው ሀኒ ግራ ገብቷት ጋሼ ፍቅሬን አየች፤ እሳቸው በእጃቸው ቀጥይ አሏት። ማህደር ገመዱን ነቀለችው።

ጋሼ ፍቅሬ ኮሪደር ላይ ደረሱባትና ጉባኤ መበጥበጥ ምን የሚሉት ነው ብለው ተቆጡ። ፎቶው ሰዉን ለጸሎት ያነሳሳል፣ ሴትዮዋን ደግሞ ጌታ ይጠብቃቸዋል፣ ለመሆኑ የእኛን ላይቭ ከቻይና ማን ያየዋል አሉ። የማህደር ደም ፈላ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እህት ብትሆን እንዲህ ይለጥፏት ነበር?» አለቻቸው።

በዚህ መሃል ሀኒ መጣች። በእንግሊዝኛ፣ ክሊፑን ሰዎች ቀድመው ሸር እንዳደረጉት ነገረቻቸው።

ማህደር መኪናዋ ውስጥ ገብታ ዪቻንግ ደወለች። እዚያ ሌሊት ነበርና እትዬ ሊንን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰቻቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው በልተሻል ወይ ብለው ጀመሩ። ማህደር በተረሳ ቻይንኛዋ እየተንተባተበች ጉዱን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ጋሼ ፍቅሬን ያልሰደበችው ስድብ የለም። እትዬ ሊን እስክትጨርስ ሰሟት።

«ፎቶዬን ማን ሰጣቸው?» አሏት።

«እኔ።»

እትዬ ሊን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ቁጥሬን አሁኑኑ አጥፊው፣ እኔም ያንቺን እያጠፋሁ ነው አሏትና ዘጉት።