ሁለት የካፖርት ቁልፎች

ሠላሳ አንድ ዓመት በስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ የሞተረኞችን ሱሪና ጓንት ስጠግን ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሞተረኛ ሲወድቅ ሐኪም ይጠየቃል፣ መካኒክ ይጠየቃል፣ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየ ሥራ ፈት ሁሉ ይጠየቃል። የተቀደደውን ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ የምታየዋ አሮጊት ግን ለእነሱ እንደ መርፌ መትከያ ትራስ ናት፤ ይወጓታል እንጂ አያናግሯትም። እውነት ነው፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ሲያጠና ከትከሻው በላይ እያሾለቅሁ ነው። ጨርቅ ግን ከማንም የተማረ ሰው አስበልጬ አነባለሁ፤ ጨርቅ ደግሞ እንደ ሰው አይቀጥፍም።

እነዚህ ሞተረኞች ለሆዳቸው ብለው አይደለም የሚጋልቡት። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ፤ እሑድ ሲመጣ ጭቃ ውስጥ ገብተው ከጉብታ ጉብታ ይዘላሉ። ከዚያ አንድ ቀን ያቆማሉ። ለምን ሲባሉ አፋቸው አንድ ነው፤ «ሥራ በዛብኝ፣ ልጆች አሉኝ።» ወሬ! ዳቦ ጋጋሪውን ያስቆመው ቦርጩ ነው። ሱሪውን ሦስት ጊዜ ያሰፋሁት እኔ ነኝ፤ በአራተኛው ጨርቁም እኔም እምቢ አልን። አስተማሪውን ያስቆመው ፍርሃት ነው፤ የሱሪው መቀመጫ ማለቅ ሲጀምር ያን ቀን አውቄዋለሁ። ደፋር ቆሞ ይጋልባል፣ የፈራ ይቀመጣል። ሲመለሱም ያው ነው፤ «ናፈቀኝ» ይላሉ። ታክሲ ነጂው የናፈቀው ሚስቱ ጥላው በሄደች በሳምንቱ ነው።

የሰው ልጅ ልብስ ሳነብ ኖሬ የራሴ ልጅ ተራ ደረሰ።

ልጄ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሜዳ ላይ «ፌንጣ» ይሉታል፤ ሲዘል መሬቱን የሚረሳ ይመስላል አሉ። «አሉ» የምለው እኔ ሜዳውን ረግጬ ስለማላውቅ ነው። የወለድኩትን ልጅ ሲወድቅ ለማየት ትኬት አልቆርጥም። ከሦስት ዓመት በፊት ወደቀና ቀኝ ክርኑ ተሰበረ። አጥንቱ ተጠገነ፣ እጅጌውን እኔ ክርኑ ላይ በወፍራም ቀይ ክር ጠገንኩት፤ እሱ ግን ሞተሩን ሸራ አልብሶ አስቀመጠው። «ሚስቴ አልቅሳ ለመነችኝ» አለ።

ምራቴን ጠየቅኋት። «እኔ?» አለች፣ ደረቷን ይዛ። «እኔ መቼ ለመንኩት እማማ? እሑድ እሑድ ከቤት ሲወጣልኝ እኮ ዕረፍቴ ነበር!»

እንግዲህ ያቆመበትን ምክንያት አላወቅነውም ማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ድንገት ሸራውን ገፈፈው። ለምን ቢሉት፣ «ናፈቀኝ»።

ሦስት ሳምንት ብቻውን ሲለማመድ ከረመና ጓንቶቹን ስፌታቸው ተተርትሮ አመጣልኝ። የማኅበራቸው ውድድር እሑድ ነው። የቀኙን ጓንት መዳፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የሞተረኛ ቀኝ ጓንት አበላል አለው። ከሁሉ ቀድሞ የሚላጨው በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ሥር ነው፤ ሞተሩ ከጉብታ ወርዶ መሬት ሲመታ መሪውን አንቀው የሚይዙት እነዚያ ሁለቱ ናቸውና። የልጄ ጓንት በአውራ ጣቱና በጠቋሚው በኩል ተልጧል። በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ በኩል ግን ዛሬ ከሱቅ የወጣ ይመስላል።

«ሁለቱ ጣቶችህ ምን ሆነው ነው?» አልኩት።

«የትኞቹ?» አለ፤ ያቀረብኩለትን የሻይ ብርጭቆ ግን በግራ እጁ አነሳ።

«እናትህን አትጫወትባት። መሪ አይጨብጡም።»

«እማ፣ ጓንት ነው የሰጠሁሽ፣ የራጅ ፎቶ አይደለም» ብሎ ስቆ ሄደ። አሳሳቁን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቱ መስኮት ሲሰብር እንዲህ ነበር የሚስቀው።

ዓርብ ዕለት ጓንቱን በቦርሳዬ ይዤ የማኅበራቸው ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ። ጎማ ሻጭ ነው፤ ከደረደራቸው ጎማዎች መሐል እንደ አውራ ዶሮ ይቆማል። ነገሩን አስረዳሁት።

«እማማ» አለኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ «ፌንጣ የሐኪም ወረቀት አለው። ክርኑ ድኗል ይላል።»

«ስለ ክርኑ ማን አወራ? ጣቶቹን ነው የምልህ። ሐኪሙ ጠይቆት ይሆናል፣ እሱ ዋሽቶት ይሆናል።»

«ታዲያ እርስዎ ከሐኪም ይበልጣሉ?» ሠራተኞቹ ሳቁ። «እርስዎ ዚፕዎን ይስፉ፣ ውድድሩን ለእኛ ይተዉ። እናት ሁልጊዜ ትፈራለች።»

«እናት አትፈራም፣ ታውቃለች» ብዬው ወጣሁ። ግን ማወቄን በምን ላሳይ? እንደ ሐኪሙ ወረቀት የለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መላው መጣልኝ። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ የመድኃኒት ሻጯ ጥቁር ካፖርት ነበር። እጅጌው ላይ ትንንሽ የብረት ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ከጀርባቸው ለክሩ ማሳለፊያ ሹል ቀለበት አላቸው። ሁለቱን ፈታሁ። የጓንቱን የቀለበት ጣትና ትንሿን ጣት ገልብጬ፣ ጫፋቸው ውስጥ አንዳንድ ቁልፍ በዚያው በቀይ ክር ሰፋሁ፣ የቀለበቱን ሹል ጣት ወደሚገባበት አዙሬ። ደህና ጣት ያለው ሰው ይህን ጓንት ሲያጠልቅ ጮሆ ያወልቀዋል፤ የደነዘዘ ግን አይሰማውም። እዚሁ ዓይኔ ሥር ይሆናል ብዬም አስቤያለሁ። የቤቴ ሕግ ነው፤ የጠገንኩት ጓንት ሳይለበስ ከበሬ አይወጣም። ደንበኛው ያጠልቃል፣ ሦስት ጊዜ ይጨብጣል፣ ሦስት ጊዜ ይዘረጋል። ሊቀመንበሩም ሳይቀር ጨብጦልኛል።

እሑድ ጠዋት ልጄ እንደ ነፋስ ገባ። እኔ የመድኃኒት ሻጯን ወገብ እየለካሁ፣ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበር። ጓንቶቹን ከሚስማሩ ላይ መንትፎ ቦርሳው ውስጥ ወተፋቸው።

ስፒሎቹን ተፋሁ። «ልበሰው! ጨብጥ!»

«እዚያ እጨብጥልሻለሁ፣ ረፍዶብኛል!»

ወጣ። ሕጌን እንደሚያውቅ፣ ሸሽቶት እንደሄደም ገባኝ። «ጓንቱ ውስጥ ቁልፍ አለ» ብዬ መጮህ እችል ነበር። አልጮህኩም። ኩራት ያዘኝ። ሲያጠልቀው ያገኘዋል፣ ያወልቀዋል፣ በስልክ ይሰድበኛል፣ እኔም በደስታ እሰደባለሁ አልኩ ለራሴ።

ተቀምጬ ስልኩን ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት አለፈ፤ አልጮኸም። ሴትዮዋ ስለ ካፖርቷ ርዝመት ታወራለች፣ እኔ አልሰማትም። አሁን ለብሶታል እኮ። ለብሶት ዝም ካለ፣ ያ ልጅ በሞተ እጅ፣ ከነቁልፌ፣ ጉብታ ሊዘል ነው። የሠራሁትን ያን ጊዜ አየሁት። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ሮጬ ታክሲ ያዝኩ።

ሜዳው ስደርስ የማሟሟቂያው ዙር አልቋል። ሃያ ሞተሮች መነሻው ላይ ተሰልፈዋል፤ ከፊታቸው በምልክት የሚወድቅ የብረት አጥር ቆሟል። ጩኸቱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ገመዱ ጋ አንድ ጎረምሳ አስተናባሪ ክንዱን ዘርግቶ አገደኝ።

«እማማ፣ ተመልካች በዚያ በኩል ነው!»

«ተመልካች አይደለሁም፣ እናቱ ነኝ!»

«የሁሉም እናት እዚህ አለች እኮ!»

በክንዱ ሥር ሾለክሁ። ዕድሜ አንድ ጥቅም አለው፤ አሮጊት በጉልበት የሚይዝ ሰው የለም። ሁሉም ሄልሜት አጥልቀዋል፣ መነጽር አድርገዋል፣ ፊት የለም። ልጄን በፊቱ አልፈለግሁትም። ክርኑ ላይ ቀዩን ክሬን ፈለግሁ። ከግራ ሰባተኛው! ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን ከፍ አድርጎ «ሠላሳ ሴኮንድ» ያሳያል። ሞተሮቹ ሁሉ አገሱ። አጥሩን ዞሬ፣ ልጄ ጎማ ፊት ለፊት፣ ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አጥሩ ቢወድቅ እግሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ሃያ ሞተር። ዓይኔን ግን ከልጄ መነጽር አልነቀልኩም።

ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን ጥሎ እያውለበለበ ሮጠ። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ልጄ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋው።

«እማ! አብደሻል?»

«የቀኙን ጓንት አውልቅ።»

«ተነሺ! ሰው እያየ ነው!»

«ይይ! አውልቅ አልኩህ።»

«እማማ፣ ሰው ያስጨርሳሉ እኮ!» አለ ሊቀመንበሩ እያለከለከ።

«ሰው እንዳይጨረስ ነው የተቀመጥኩት። እኔን አላመንክም፣ ዓይንህን እመን። አውልቀው ልጄ፣ ጣቶቹን ገልብጣቸው።»

እኔን ለማስነሳት ብሎ፣ በንዴት ጎትቶ አወለቀው። የቀለበት ጣቱን ገለበጠ። የካፖርቱ ቁልፍ በቀይ ክር ተንጠልጥሎ ብቅ አለ፤ ደም ነክቶታል። ትንሿን ገለበጠ፤ ሁለተኛው ቁልፍ። እጁን አየ። የሁለቱ ጣቶቹ ጫፍ ተቦጭቆ ደሙ መዳፉ ላይ ወርዷል። ሁለት የማሟሟቂያ ዙር ጋልቦበታል፤ ምንም አልተሰማውም።

ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጄ ጓንቱን ኪሱ ከተተና ሞተሩን እየገፋ ከሰልፉ ወጣ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየኝም። ጎረምሳው አስተናባሪ ነው ደግፎ ያስነሳኝ።

ሰፈሩ አፉን ከፈተ። «ልጇን ባደባባይ አዋረደችው» አሉ። አዎ፣ አዋርጄዋለሁ! የተዋረደ ልጅ እራቱን ይበላል፤ የሞተ አይበላም።

ዐሥራ ሁለት ቀን አልመጣም። በዐሥራ ሦስተኛው፣ ትናንት እኩለ ቀን ላይ፣ በሬ ላይ ቆሞ አየሁት። ሁለቱን ቁልፎች አጥቦ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራቸው። አብሮም ጓንቱንና አንድ ወፍራም የቆዳ ማሰሪያ አኖረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወንዝ ማዶ በሦስት ሳምንት ውስጥ ውድድር አለ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ማሰሪያውን ጓንቱ ላይ ስፊልኝ። እጄን ከመሪው ጋር ያስርልኛል።»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። «ሞተሩ ሲገለበጥስ? አብረህ ልትገለበጥ?»

«አልገለበጥም።»

«ከሦስት ዓመት በፊትም አልገለበጥም ብለህ ነበር። ለሐኪሙ ለምን አልነገርከውም?»

ቀኝ እጁን በግራው ሸፈነ። ከዚያ ትንሽ ልጅ ሆኖ ታየኝ። «ክርኔ ከዳነ በኋላ ሥራ ላይ የጋለ ቧንቧ ያዝኩ እማ። ቆዳዬ ሲሸት ነው ያወቅሁት። ያን ቀን ነው ያቆምኩት። ለሐኪሙ ከነገርኩት ‹አይድንም› ይለኛል። ካልነገርኩት ግን… ምናልባት አንድ ቀን ይነቃል እላለሁ። ዘንድሮ መጠበቁ ሰለቸኝ። ከጉብታው ላይ ስነሳ ብቻ ነው ይሄን እጅ የምረሳው።»

እንግዲህ ያቆመበትም የተመለሰበትም ይኸው ነው፤ አንድ ነገር ነው። ሥራም አይደለም፣ ሚስትም አይደለችም፣ ናፍቆትም አይደለም። ፍርዱን ላለመስማት ጆሮውን ይዞ ሲሮጥ ነው የኖረው።

ጠቋሚ ጣቴን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። «ጨብጥ» አልኩት። ሦስቱ ጣቶች ያዙኝ። ሁለቱ እንደ ባዶ ጓንት ጣት ተንጋለው ቀሩ። እሱም አየ፣ እኔም አየሁ።

የቆዳ ማሰሪያውን አንስቼ በመቀስ ለሁለት ቆረጥኩት።

«ስማኝ» አልኩት። «ሞተሩን ሽጥ አልልህም፤ ትጋልብ አትጋልብ የሚለውን መወሰን ለጎማ ሻጩ ተውለት። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ታጥበህ እዚህ በር ላይ ትቆማለህ፣ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንገባለን። እኔ አልናገርልህም። በራስህ አፍ ‹ሁለቱ ጣቶቼ ከወደቅሁ ጀምሮ ደንዝዘዋል፣ ዋሽቼሃለሁ› ትለዋለህ፣ የሚልህንም ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ትሰማለህ። አንዲት ቃል ብትቀንስ በደህናዎቹ ጣቶችህ በኩል እቆነጥጥሃለሁ። አሁን እነዚህን ቁልፎች ያዝና መርፌውን አንሳ፤ የሴትዮዋን ካፖርት ያጎደልነው ለሁለት ነው፣ አንዱን አንተ ትተክላለህ። በቀኝ እጅህ።»