የአፀደ ሕፃናቱ ሽማግሌዎች

አቶ ኤርጫፎ መተላለፊያዋን በቆርቆሮ የዘጉ ዕለት እኔ ክፍል ውስጥ "ሰፈሬ" የሚለውን ትምህርት እያስተማርኩ ነበር። መዶሻው ቋ ቋ ባለ ቁጥር ሕፃናቱ "ቋ! ቋ!" እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ "ዛሬ ማን ቀረ?" ስላቸው ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ "አቢጋኤል!" አሉኝ።

እኛ የምናስተምርበት አፀደ ሕፃናት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአቶ ኤርጫፎ ግቢ ጎን ነው። በእሳቸውና በወይዘሮ አገርነሽ አጥር መካከል አንድ ሰው በጭንቅ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ነበረች። ወይዘሮ አገርነሽ የአቢጋኤል አያት ናቸው። የጠቡ መነሻ የልብስ እጣቢ ነው። ወይዘሮ አገርነሽ የሚደፉት እጣቢ ቁልቁል ወርዶ የአቶ ኤርጫፎ ሽንኩርት መደብ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ተነጋገሩ፣ ቀጥሎ ተሰዳደቡ፣ ከዚያ ቆርቆሮው መጣ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሳሙና ውኃ ተጣሉና ቅጣቱ የአምስት ዓመት ልጅ ላይ ወደቀ! መንገዷ ከተዘጋ አቢጋኤል በአስፋልቱ መዞር አለባት። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ባጃጁና ሙዝ የጫነው መኪና ይጋፋል። እናቷ ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ትወጣለች፤ አያቷን ጉልበታቸው አያስኬዳቸውም። "እንግዲህ ትቅር፣ ለከርሞ ትማራለች" ብለው ላኩብኝ።

ደሜ ፈላ። በዕረፍት ሰዓት አቶ ኤርጫፎ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ለልጅቷ ሲሉ ይክፈቱልን" አልኳቸው።

"አያቷ መጥታ ይቅርታ ትበል" አሉኝ፣ ሽንኩርታቸውን ውኃ እያጠጡ።

ወይዘሮ አገርነሽ ዘንድ ዞሬ ሄድኩ። "እሱ መጀመሪያ ቆርቆሮውን ይንቀል" አሉኝ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ ጫማዬ አለቀ።

ሽማግሌ ይግባበት ብዬ ጎረቤቱን ብጠይቅ ሳቁብኝ። "ለእጣቢ ጠብ ሳር ይነጫል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ የሚንበረከከው ደም ሊፈስ ሲል፣ አገር ሊታመስ ሲል ነው። ሳር ተይዞ ሲለመን እምቢ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ለትንሽ ነገር አይወጣም። እሺ፣ አንዲት ልጅ ከትምህርት መቅረቷ ትንሽ ነገር ነው ማለት ነው? ብሽቅ ብዬ ክፍሌ ገባሁ።

የዚያን ሳምንት ትምህርት የሰፈር ሽማግሌ ነበር። ኤፍሬምና ሚስጥር በቀይዋ ወንበር እንዲጣሉ አደረግሁና ሌሎቹ ከግቢያችን ሳር ነጭተው ተንበረከኩ። "ሽማግሌ የሚነሳው መቼ ነው?" ስላቸው፣ "እሺ ሲባል!" ብለው ጮኹ። ጨዋታውን ወደዱት። ቀኑን ሙሉ በሆነው ባልሆነው ሲንበረከኩ ዋሉ፤ ግቢ ውስጥ የነበረችውን ሳር ጨርሰው ነጯት።

ዓርብ ሰፈሩን ላስጎበኛቸው ይዣቸው ወጣሁ። ሱቁን፣ ጫማ ሰፊውን፣ የባጃጅ ተራውን አይተን በአቶ ኤርጫፎ ግቢ በኩል ስንመለስ ቆርቆሮው ፊት ቆምን። ከወዲያ በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ "ቲቸር!" አለች። የአቢጋኤል ዓይን በምስማር ቀዳዳ ያየኛል። "እኔም ልምጣ?" አለችኝ።

 እንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን ወደ አባያ ሐይቅ በኩል አዞርኩ። ለአፍታ ነው። ፊቴን ስመልስ ልጆቼ በሙሉ አቧራው ላይ ተንበርክከዋል። በእያንዳንዱ ልጅ እጅ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ። ጥር ነው፤ ሳር የሚባል በሰፈሩ አልቀረም። ዓይኔ የልጅ እጅ ወደሚያሾልከው አጥር ሄደ። የአቶ ኤርጫፎ ሽንኩርት መደብ ተመልጧል!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ኤርጫፎ ከቤታቸው ወጡ። መደቡን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሳር ነው፣ አባባ" አለ ኤፍሬም።

"ሽንኩርቴ ነው እንጂ!"

"ሳር ፈልገን አጣን። ግን እርጥብ ነው።" እንዲያምኑት ወደ ፊታቸው ዘረጋላቸው።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም! በሉ ተነሱ!"

አንድም ልጅ አልተነሳም። ሚስጥር ቀና ብላ፣ "እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይነሳም" አለቻቸው።

 አቶ ኤርጫፎ በትውልድ አገራቸው በኦቾሎ ሳሉ ራሳቸው ሳር ይዘው ስንቱን እንዳስታረቁ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እኔ ስንበረከክ እምቢ ያለኝ ሰው አልነበረም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

ኤፍሬም ይሄኔ በጉልበቱ ሄደና አንድ የሽንኩርት ቅጠል በቆርቆሮው ሥር አሾለከ። ወዲያ ማዶ ኮቴ ተሰማ። ከዚያ አቢጋኤል፣ "እማማ፣ እሺ በይ! ካላልሽ አልነሳም!" ስትል ሰማን።

ትንሽ ቆይቶ የወይዘሮ አገርነሽ ድምፅ መጣ። "ኤርጫፎ! እጣቢውን ከዛሬ ጀምሮ ወደ ጓሮዬ አዞረዋለሁ፤ ያጠፋሁትን ይቅር በለኝ። በል ልጆቹን አስነሳቸው። የጉልበት ሕመምን እኔ ነኝ የማውቀው።"

"እሺ" አሉ አቶ ኤርጫፎ። "እኔንም ይቅር በይኝ። እሺ።"

እልልታው! ሲቀላ እንዲያ ያለ እልልታ በሠርግም አልሰማችም። አቶ ኤርጫፎ መዶሻቸውን አምጥተው ምስማር በነቀሉ ቁጥር ልጆቹ "ቋ!" ይላሉ። ቆርቆሮው ሲወድቅ አቢጋኤል ቅጠሏን እንደያዘች ቆማለች። ኤፍሬም እጇን ይዞ ጎተታትና ወደ እኛ ገባች። ኩራቴን የት ላድርሰው?

የተነቀለው ሽንኩርት ሜዳ አልቀረም። ወይዘሮ አገርነሽ ለቅመው ወሰዱትና ማታ ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ በሀለኮ ቅጠል ሠርተው ሽንኩርቱን ጨመሩበት። ምግቡ በተከፈተችው መንገድ ወደ አቶ ኤርጫፎ ቤት ሲያልፍ እኔንም ጠሩኝ። አቶ ኤርጫፎ ሁለቴ ጎርሰው፣ "ልጅ ያቦካው ዛሬስ ለእራት በቃ" አሉ። "በአጥሩ ጥግ ሳር መትከሌ አይቀርም። ይቺ ሽማግሌ ሁሉ ሽንኩርቴን ልትጨርሰው ነው።"

ሰኞ ጠዋት ክፍሌ ገባሁና እንደ ልማዴ ጠየቅሁ።

"ዛሬ ማን ቀረ?"

ከሁሉም አስቀድማ የጮኸችው አቢጋኤል ናት።

"ማንም!"