ትከሻ ያልነካሁበት ቀን

ባንዳ ይሉኛል። ይበሉኝ፤ የጣሊያን እንጀራ በልቻለሁና ስሙ አይበዛብኝም። ቡሬ ለአንድ ጣሊያን ቆዳ ነጋዴ ስሠራ ቋንቋውን ለመድሁ፤ ጦሩ ሲገባ ደግሞ ቱርጁማን አደረገኝ። ፈረስ ቤት ከተማ አጠገብ ያለው አባቴ ይህን ሲሰማ «ላቀው የሚባል ልጅ አልወለድሁም» አለ። ባለ በሁለት ዓመቱ ሞተ። መርዶውን ያረዳኝ ዘመድ እንዳይመስላችሁ፤ ጠሃ የሚባል የጨው ነጋዴ ነው፣ ያውም ገበያ መሀል።

«ተዝካሩ ለሰኔ ሚካኤል ነው። ሰምተሃል መቼም» አለኝ።

አልሰማሁም ነበር። «ሰምቻለሁ» አልሁት።

የሚካኤል ዕለት ጧት አይሮፕላን ነጂው ካፒቴን አስጠራኝ። ፈረስ ቤት አጠገብ ትልቅ ዳስ ተጥሏል፣ አርበኞች ሊበሉ ይመጣሉ፣ አገሩን ስለምታውቀው ዳሱን ታሳየኛለህ አለ። ቦምቡን ሲጭኑ አያለሁ። የማን ዳስ እንደሆነ እሱ አያውቅም፤ እኔ ግን አወቅሁ። ታላቅ እኅቴ አቻምየለሽ እዚያ ናት፣ ልጆቿ እዚያ ናቸው፣ በልጅነቴ ያጎረሰኝ ሁሉ እዚያ ነው። እንቢ ብል ደግሞ ሌላ መሪ ይወስዳል፤ ከዚያ አገር የወጣሁ ባንዳ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ረዳቱ ወባ ጥሎት ስለነበር በእሱ ወንበር አስቀመጠኝ። ፊታችን ከተደረደሩት ሰዓት መሳዮች አንዱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከፍታ የሚለካው ነው።

«የታዘዝነው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ደመና አለ፤ ከደመናው በላይ ደግሞ ሌላው አይሮፕላናችን ይጠብቃል። እኔ ዓይኔን ከተራራው አልነቅልም። መርፌው እዚህ ሲደርስ ትከሻዬን ንካኝ፤ ብትጣራ በሞተሩ ጩኸት አልሰማህም።»

ሥራዬ ይኸው ነው፣ ትከሻ መንካት። ለዚህ ነው እንግዲህ አባቴ የካደኝ።

ተነሣን። ደምበጫን አልፈን ወደ ደጋው ዞርን፤ እየወጣን ነው። መርፌው ሦስት ሺህን አለፈ። ከዚያ ከሩቅ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች አየኋቸው፤ ከጎናቸው አንድ ነጭ ነገር አለ። ዳሱን አቡጀዲ አልብሰውታል። አባቴም ክብር ይወድ ነበር።

መርፌው ምልክቱ ላይ ደረሰ። የካፒቴኑ ትከሻ አጠገቤ ነው። እጄን ጉልበቶቼ መካከል ከትቼ ያዝሁት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ መርፌው ምልክቱን ላቀው።

ወዲያው ደመናው ዋጠንና ሁሉም ነጭ ሆነ። ካፒቴኑ ዞሮ መርፌውን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ያኛው አይሮፕላን ከየት እንደሚመጣብን አያይም፤ ተራራው የት እንደሆነ አያይም። እኔም አላይም። ከበታቼ የአባቴ ተዝካር ይበላል፤ ያልተጠራሁት እኔም ይኸው መጥቻለሁ አልሁ በሆዴ። አለቀስሁ። ቀጥዬ የካፒቴኑ ጫማ ላይ አስታወክሁ፤ ማስታወኬ ነው ያተረፈኝ፣ ራሱን የሳተ ሰው መሰልሁት። ተራራ ባለበት በጭፍን መውረድ ፈርቶ ወደ ቡሬ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ካፒቴኑ ዳግመኛ እስኪወጣ ሰዉ በልቶ ተበትኗል። እኔን ሠላሳ ጅራፍ ገርፈው አባረሩኝ።

ጣሊያን ሲወጣ አቻምየለሽ ቤት ሄድሁ። ደጅ አቆመችኝ።

«በአባታችን ተዝካር ቀን የት ነበርህ?»

ሆድ ይፍጀው ማለት ነበረብኝ። ነገርኋት፤ አይሮፕላኑን፣ መርፌውን፣ ትከሻውን፣ ሁሉንም።

«አይሮፕላኑ ሲጮኽ ሰምተነዋል» አለች። «ሚካኤል ነው በደመና የሸፈነን። አሁን ምስጋናውን ከመልአኩ ጋር ልትካፈል መጣህ?»

«እታለም፣ ደመናው እኮ ከላይ ነበር። ከሥሩ ጥርት ያለ ነው። አቡጀዲውን እንኳ አይቸዋለሁ።»

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያ ልታሳያቸው ነበር የመጣኸው» ብላ በሩን ዘጋችው።

ማንኩሳ ላይ ጎጆ ቀልሼ ብቻዬን እኖራለሁ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ስወርድ ዘመድ ከዘመዱ ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳም አያለሁ፤ እኔን የሚነካኝ የለም። ከፋኝ፣ ምን ልዋሽ። ዘንድሮ ግንቦት መባቻ ላይ አቻምየለሽ ሞተች። ይህንንም የነገረኝ የጠሃ ልጅ ሙሄዲን ነው።

«ተዝካሯ ለሰኔ ሚካኤል ነው። ሰምተዋል መቼም» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልሁት።

ቀኑ ሲደርስ ደጄ ላይ ተቀምጬ ወደ ፈረስ ቤት በኩል ያለውን ደመና ሳይ ዋልሁ።