የሚያንጎራጉረው ቀበቶ

ጀልባው ባለቤቴን ትቶ ብቻውን ከተመለሰ ወዲህ፣ ከዳር ካሉት ጀልበኞች አጠገቡ የሚያስር ጠፋ። ፊት ለፊት "ነፍሱን ይማር" ይሉኛል። ዘወር ስል ወሬው ሌላ ነው፤ ውስጡ ደረቅ ነበር፣ ሞተሩም በሥርዓት ጠፍቶ ነበር፣ ሰውየው ግን እስካሁን አልተገኘም። አንዱን የወሰደ ጀልባ ሁለተኛውን ሳይወስድ አይተኛም ይላሉ።

እኔ ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ቢሆንም ልጄ ከምትኖርበት ሌላ ሐይቅ ዳር ደውላ፣ "እማ፣ የአባዬን ጀልባ አምጪልኝ፤ ሰው ላሻግርበት" ስትለኝ፣ እሺ ለማለት ሰነበትኩ።

ጀልባው ከኋላ በኩል ወደ ታች የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አለው። መንገድ ላይ ክፍት ይተዋል፤ ውሃ ላይ ከመውረዱ በፊት ደግሞ በነሐስ ውታፍ ይዘጋል። ውታፉን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ደርሼ ልቤ እንቢ ካለ አልሰጥም፤ ያለ ውታፉ ጀልባው የትም አይሄድም። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም።

ጀልባውን በመኪናው የሚጎትትልን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ቤተሰቡ "ቅመም" ይለዋል፤ እሱ የሌለበት ጨዋታ አይጣፍጥም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አስቆ፣ እሱ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል።

ሁሉን ነገር ባለቤቴ ያደርግ በነበረው መንገድ እንዲያደርገው ለመንኩት። ሞተሩን አውርደን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው። ሸራውን አለበስነው። ጀልባው የተጫነበትን ተጎታች ከመኪናው ጋር ስናያይዝ፣

"ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፋቸው" አልኩት።

"ለምን እትዬ? ሹሩባ ነው እንዴ?"

"ማያያዣው ቢለቅ የተጎታቹ አፍንጫ አስፋልት ላይ አይተከልም፤ ሰንሰለቱ ይታቀፈዋል።"

"ጋሼ ነው ያለሽ?"

"ታዲያ ማን ይበለኝ?"

ጎንበስ ብሎ አጠላለፋቸው። የቀረው ጀልባውን ከወገቡ ላይ ለተጎታቹ የሚያስረው ሰፊ ቀበቶ ነበር። ባለቤቴ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ነው የሚወጥረው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እኔም እንደዚያው ጠምዝዤ ብሰጠው፣ ቅመም ሳቀ።

"ይሄን ትራፊክ ቢያየው 'ተኝታችሁ ነው እንዴ ያሰራችሁት?' ይለናል" አለና፣ እንደተተኮሰ ሱሪ አቃንቶ ወጠረው። እኔም አልከለከልኩትም።

ከከተማው ወጥተን ፍጥነት ስንጨምር ድምፁ ጀመረ። መጀመሪያ ከሬዲዮው መሰለን። ቅመም ሬዲዮውን አጠፋው። ድምፁ ቀጠለ፤ ወፍራም፣ አንድ ወጥ፣ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ። መኪናው ሲፈጥን ከፍ ይላል፤ ሲዘገይ ዝቅ ይላል።

"ቀበቶው ነው" አልኩ። "ዝርግ ሆኖ ሲወጠር ነፋስ ያርገበግበዋል፤ እንደ ክራር ጅማት። ጥምዝ ቢሆን ዝም ይል ነበር።" ባለቤቴ ለምን እንደሚጠመዝዘው የገባኝ ያኔ ነው።

ቅመም መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። በመጨረሻ፣ "እትዬ" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ጋሼ መረብ ሲጠግን እንዲህ እያንጎራጎረ..."

"አውቃለሁ" አልኩት።

ትንሽ እንደሄድን ቆመን ሁሉን ነገር ፈተሽን፤ ይህም የባለቤቴ ደንብ ነው። የታሰረ ነገር መንገድ ላይ ይላላል። ሰንሰለቱ ደህና ነበር፤ ሸራው ደህና ነበር። የጎማዎቹን እምብርት በእጃችን ጀርባ ዳሰስን። የፈላ ካለ ውስጡ ያለው፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ታሟል ማለት ነው። ሁለቱም ቀዝቃዛ ነበሩ። ቅመም ቀበቶውን ሊፈታ እጁን ሰደደ።

"ልጠምዝዘው? ሰውነቴን ወረረኝ እኮ።"

"ተወው" አልኩ። "መንገዱ ረጅም ነው። አሁን ስንፈታ ስናስር ይመሽብናል።"

ምክንያቴ ይህ አልነበረም። ልስማው ብዬ ነው።

ሜዳውን አቋርጠን ስንሄድ ድምፁ አብሮን መጣ። ሰማዩ ደመና ነበር፤ ግራና ቀኝ የታጨደ ማሳ፣ ሰው የለ፣ ከብት የለ። ወደ ታላቁ ቁልቁለት ስንቃረብ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ድምፁ ቀጥ አለ። አፍ ላይ እጅ እንደተጫነበት።

ቅመም አየኝ። አየሁት።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሌላ ነገር ተሰማኝ። ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ ደረቅ መፋጨት፤ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው።

"አቁም" አልኩት።

ወረድን። ቀበቶው አንድ ጊዜ ተጠምዝዟል። ሁለቱም ጫፎች መንጠቋቸው ላይ ናቸው፤ መወጠሪያው እንደተቆለፈ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ የተያዙ ቀበቶ ሳይፈታ እንደማይጠመዘዝ ቅመምም እኔም እናውቃለን። በነፋስ የሚሆን ነገር አይደለም። ዙሪያችንን ቃኘን። መንገዱ እስከ አድማስ ባዶ ነበር።

"እኔ አልነካሁትም" አለ ቅመም። ድምፁ የሕፃን ሆነ። "በእናቴ ሞት!"

"አብረን አልነበርን እንዴ?" አልኩና ወደ ግራው ጎማ ሄድኩ። እጄን ከማስጠጋቴ ሙቀቱ ገፋኝ። ቅመም እትፍ ቢልበት ምራቁ ችስ አለ።

እንደ ቀብር ሸኚ እያዘገምን፣ ከቁልቁለቱ አፋፍ ወዳለው ጎሚስታ ደረስን። ሰውየው ሆደ ሰፊ፣ ጨዋታ ወዳድ ነው። ጀልባውን አይቶ፣ "ዓሣው በዚህ በኩል ነው ያላችሁ ማነው?" አለና ክሪኩን ከሥር አስገባ። ማንሳት ሲጀምር ግን ፊቱ ተለወጠ።

"ምን ጭናችኋል?"

"ባዶ ነው" አለ ቅመም።

"ባዶ? ሞተሩስ የለበትም እንዴ?"

"ሞተሩ መኪና ውስጥ ተኝቷል፤ እየው።"

"እንግዲህ ከኋላው ከብዷል" አለ ጎሚስታው። "እኔ ስንት ተጎታች አንስቻለሁ።"

ጎማውን ከነቸርኬው ፈትቶ ኩሽኔታውን መዳፉ ላይ አራገፈው። ዱቄት ሆኗል። "ቁልቁለቱን ብትጀምሩት ኖሮ ጎማችሁ ቀድሟችሁ ታች ይደርስ ነበር። ከዚያ እናንተ ትከተላላችሁ። እንዴት ሰማችሁት? ይሄ ነገር እኮ መኪና ውስጥ አይሰማም።"

ቅመም አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ያዝኩት።

እነሱ አዲሱን ኩሽኔታ በግራሶ ሲያሹ፣ እኔ ከኋላ ሄጄ የሸራውን ጠርዝ ፈታሁ። ውስጡ እንዳስቀመጥነው ነው። መቅዘፊያዎቹ በቦታቸው አሉ። እጄን ሰደድኩ። የፊተኛው መቀመጫ ጣውላ ቀዝቃዛ ነው፤ የመካከሉም እንዲሁ። የኋለኛው፣ ባለቤቴ ሞተሩን ይዞ የሚቀመጥበት፣ ለብ ይላል። ሰው አሁን እንደተነሳበት ወንበር። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አልወጣችም።

ሸራውን መልሼ አሰርኩ። ይህን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ቅመም መጥቶ አጠገቤ ቆመ። "እትዬ፣ እንመለስ" አለ ቀስ ብሎ። "ለልጅቷ እንዲህ ያለ ነገር አይሰጥም። ይቃጠል ካልሽም እኔ አቃጥለዋለሁ።"

"ቀበቶው የተጠመዘዘው መፋጨቱን ከመስማታችን በፊት ነው ወይስ በኋላ?" አልኩት።

አሰበ። "በፊት... ዝም ባይል አንሰማውም ነበር።"

"በል እንግዲህ፣ ንዳ።"

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ወረድን። ድምፅ የሚባል አልነበረም።

ልጄ ከዳር ቆማ ጠበቀችን፤ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባለች። አቀፈችኝና ወዲያው ወደ ጀልባው ሮጠች። አፍንጫውን እንደ ፈረስ ዳበሰችው። ሸራውን ገለጠች፤ ከዚያ ቀበቶው ጋ ስትደርስ ቆመች።

"አጎቴ፣ እንደ አባዬ ነው እኮ ያሰርከው!"

ቅመም ወደ ሐይቁ ዞረ።

"እኔ ልፍታው" አልኩ። መወጠሪያውን ለቀቅኩት። ጥምዙን በጣቶቼ አቃናሁት። የጨርቁ ጥብቀት፣ እጅ ይዞት የቆየ ይመስል፣ ጣቶቼ ላይ ቀረ።

"እማ፣ ውታፉ የታለ?"

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ነሐሱ ቀዝቃዛ ነበር። ልጄ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ መዳፏ የእሱን ይመስላል፤ ሰፊ፣ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ። ጀልበኞቹ ከዳር ያወሩት ሁሉ አንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከዚያ የዚያ ባዶ መንገድ ዝምታ መጣ።

ውታፉን ሰጠኋት። አጥብቃ ጠመዘዘችው።

ተጎታቹን ወደ ኋላ ገፍተን ጀልባው ውሃ ላይ ተንሳፈፈ። ገና ማንም አልተሳፈረም። ቢሆንም ጀርባው ትንሽ ዝቅ፣ አፍንጫው ትንሽ ቀና ብሎ ቆመ።

"ከኋላው ከብዷል" አለች ልጄ ወደ ውሃው እየገባች።

ሞተሩ ገና መኪናው ውስጥ፣ ብርድ ልብሱን ለብሶ ተኝቷል።

"ደህና ነው" አልኳት። "ከኋላ ከበድ ሲል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባትሽ ይል የነበረው ነው።" እንዲህ ማለቱን አላስታውስም።

እዚያው አድረን በማግስቱ ባዶውን ተጎታች ይዘን ተመለስን። ቅመም ሬዲዮውን አልከፈተም፤ ቀልድም አልነገረኝም። ቀበቶውን ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ያ ሜዳ ላይ ስንደርስ፣

"እስቲ ትንሽ ጨምር" አልኩት።

ጨመረ። ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ ኋላ አቆምን። ሰንሰለቱ ይንቋቋል፤ ነፋሱ መስታወቱን ይልሳል። ሌላ የለም።

"ቀረ" አለ ቅመም በመጨረሻ።

"ሴት ልጁ ጋ ነው" አልኩት።

ቅመም ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እኔ ግን ቀበቶውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንድ ጊዜ ጠመዘዝኩት፤ መልሼ አቃናሁት።