ከአሥር አንድ ነጥብ ሁለት

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ሁለት ጀሪካን ሞላሁ፤ ሻይ በዳቦ ቀማመስኩ፤ ያረምኩትን የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጫማዬን ሳስር ሲራክ ከወልድያ ደወለ።

ሲራክ ባለቤቴ ግርማ የሠራትን ብቸኛ ፊልም የቀረጸና ያቀናበረ ልጅ ነው። አሁን የሠርግ ቪዲዮ ቤት አለው፤ ፊልሟም የምትገኘው በእሱ የዩቲዩብ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ተመልካች ነጥብ በሚሰጥበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ከድራማ ፊልሞች ሁሉ መጨረሻ መውጣቷን ነገረኝ፤ ከአሥር አንድ ነጥብ ሁለት። ሰው በግርማ መሳቁ እንዳሳፈረው፣ የሚሳቅባትን ቦታ ዛሬውኑ እንደሚያስተካክላት ጨመረልኝ። እንዳትነካት ማለት ነበረብኝ። ለምን ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁና «እስክመጣ ቆይ» ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

ያቺ ቦታ የለቅሶው ትዕይንት ናት። እዚሁ መርሳ፣ በእድራችን ድንኳን ውስጥ ተቀረጸች። ሟቹን ሆኖ የሚሠራው ፍፁም የሚባል ሹፌር ነበር፤ በሌላ ስም ሲጠሩት ዞር ስለማይል ግርማ በገዛ ስሙ አስገባው። እማማ ሸዋዬ ግን የእውነት አልቃሽ ናቸው። በሕይወት ያለን ሰው ስም ጠርቶ ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው ብለው፣ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተባቸውን ወንድማቸውን ሙላቱን አነሡ። እናም ፊልሟ ውስጥ የሚሞተው ፍፁም ነው፤ የሚለቀስለት ሙላቱ። ከካሜራው ጀርባ የግርማ ድምፅ ይሰማል።

«እማማ ሸዋዬ፣ ፍፁም ይበሉ እንጂ።»

«እናቱን በምን ዓይኔ ልያት? በቁሙ ያለ ልጅ ነው።»

«ሞቷል እኮ፣ እማማ።»

«ታዲያ የሞተ ሰው ዝንብ ያባርራል?»

ግርማ ይስቃል። ሲራክ ይህን ቆርጦ ማውጣት ነበረበት፤ ለፋሲካ ለማድረስ ሲጣደፉ መብራት ጠፋና ሳይቆረጥ ቀረ። ወልድያ አዳራሽ በታየች ቀን ሰው ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ግርማ ከኋላ ቆሞ ያይ ነበር። ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣም።

ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ስለ አሟሟቱ አልጽፍም። በጦርነቱ ስልኩም ኮምፒውተሩም ስለጠፉ ድምፁ የቀረኝ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬን ዘግቼ እሰማዋለሁ። ስልኬ ላይ ላስቀረው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት፤ ማስቀመጥ ቁርጤን እንደማወቅ ሆነብኝ።

ፈተናውን ለባልደረባዬ ለኢብቲሳም አስረክቤ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ጎደለኝ ብሎ ቆመ። ወረድኩ፤ ተመልሼ ገባሁ። የሁለቱን ወንበር እኔ ልክፈል ስል ሹፌሩ ምን አጣደፈሽ እትዬ፣ ወልድያ አትሄድብሽም አለኝና ተሳፋሪው ሳቀ። ለሲራክ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሣም። መንገድ ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ያቺኑ ቦታ ከቲክቶክ ከፍተው መንፈቅፈቅ ጀመሩ። ጆሮዬን አቀናሁ። የለጠፈው ሰው ዘፈን ስለጫነባት ንግግሩ አይሰማም። ፍተሻው ጋ ስንደርስ ወረድን፤ ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለኝ።

ወልድያ ቪዲዮ ቤቱ ስገባ ሲራክ ወንበር ለቀቀልኝ፤ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ሲሠራ እንደነበር ነግሮኝ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። እማማ ሸዋዬ ደረታቸውን ይመታሉ፤ በድምፃቸው ፋንታ ዋሽንት ገብቷል።

«ከእንግዲህ ማንም አይስቅበትም፣ እትዬ ፀዳለ። እስኪመጡ ጨርሼ ላስደስትዎ ብዬ ነው።»

የድሮውን የት እንዳኖረው ጠየቅሁት። የሠርግ ሰሞን ስለሆነ ቦታ ጠቦት ከዲስኩ ላይ ሰርዞታል፤ ከገጹም አውርዶ በአዲሱ ተክቶታል። ይህን ሲነግረኝ ፊቴን ደጋግሞ አየ።

«ምነው፣ አልወደዱትም?»

«ጥሩ ነው» አልኩት። «ዋሽንቱ ጥሩ ነው።»

እስከ በሩ ሸኘኝ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ከፈትኩና ያቺን ቦታ ፈለግሁ። ድንኳኑ አለ። እማማ ሸዋዬ አሉ። ፍፁም ተኝቷል። የግርማ ድምፅ የለም።