አልጋ ስር የቀረው የጽጌረዳ ሣጥን

እኔ ሮዚና ግማሽ ቁጣ አላውቅም፤ ከተቆጣሁ ተቆጣሁ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ወንድሜ ፍሪዶሊን በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ቀኝ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፣ ዘንድሮም ከብቶቹን ይዤ ወደ ተራራው ግጦሽ እወጣለሁ ሲለኝ ድስቱን ከምድጃው አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረግኩት።

«ትሞታለህ» አልኩት።

«ከሞትኩም ነፋሻው ቦታ ልሙት።»

«እንግዲያው ዳግመኛ ማዕዴ ላይ እንዳትቀርብ!»

ባርኔጣውን አጥልቆ ወጣ። ከእረኛው ከካስፓር ጋር ሆኖ የመንደሩን ሠላሳ ስምንት ላሞች እየነዳ ሲሄድ በመስኮት አየሁት፤ አልተሰናበትኩትም። እኔም እሱም ትዳር አልያዝንም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እሁድ እሁድ ምሳውን እኔ ዘንድ ነው የሚበላው። በእነዚያ ወራት እሁድ አልገፋ አለኝ።

ሂንተርማት ሁለት መቶ ሰው የማይሞላባት መንደር ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አያቶቻችን የሠሩት ወፍራም ግንብ አለ፤ የበረዶ ናዳ ሰባት ቤት ከዋጠባቸው በኋላ የገነቡት ነው። እዚህ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው፤ ሃይሪ ደወል ይደውላል፣ ባቤት የሰው ወሬ ትጠብቃለች፣ እኔ አበባ እሠራለሁ። በመስከረም ከብቶቹ ሲወርዱ ቀንዳቸው ላይ የሚታሰረው የወረቀት ጽጌረዳ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ እጅ ነው የወጣው። ከግጦሹ ፎርማጆ ሊያወርድ በሚወጣው በቅሎ ለወንድሜ ይላክለታል።

በዚያ ዓመትም ሠራሁ፤ አልላክሁም እንጂ። ሣጥኑን አልጋዬ ስር ገፋሁትና «በአበባው ፈንታ ጥድ ቆርጦ ይሰር፣ እጅ አለው» አልኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

የመውረጃው ቀን ሁሉም ሰው የመንደሩ ምንጭ አጠገብ ተሰበሰበ። የፖም ኬክ ተቆረሰ፣ የሙዚቃ ጓዱ መለከቱን ወለወለ። ያኔ ግጦሹ ላይ ስልክ የሚባል ነገር የለም፤ ወሬ የሚደርሰን በዓይናችን ነው። ባቤት የባሏን የወታደር የሩቅ ማያ መነጽር ወደ ላይኛው መታጠፊያ አነጣጥራ በድንገት ዝም አለች። ባቤት ዝም ስትል ደግሞ ያስፈራል።

«ምን ታየሽ?» አልኳት።

«አበባ የለም» አለች።

«ጥድስ?»

«ምንም የለም፣ ሮዚና። ቀንዳቸው ባዶ ነው።»

እኛ ዘንድ ላሞች ባዶ ቀንዳቸውን የሚወርዱት በግጦሹ ወራት ከብት ወይም ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ባቤት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ላሞቹ ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ አንድም አልጎደለም። ከፊት ካስፓር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይራመዳል። ሁልጊዜ ከፊት የሚሄደው ፍሪዶሊን የለም።

ማንም ወደ እኔ አላየም። ሃይሪ ቀስ ብሎ ወደ ደወሉ ሄደ። የወፍጮ ቤቱ ያኮብ፣ የወንድሜ እኩያና የልብ ጓደኛው፣ መለከቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ እንባ እንኳ እምቢ አለኝ። «ትሞታለህ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻ ቃሌም «ማዕዴ ላይ እንዳትቀርብ» ሆነ። ቤት ሮጬ ገብቼ ሣጥኑን ከአልጋው ስር ጎተትኩት። ለላሞቹ ያልሆነ ለሬሳው ይሁን ብዬ ዳገቱን ተያያዝኩት።

ደወሉ መደወል ጀመረ። ለሟች በዕድሜው ልክ ነው የሚደወለው።

ካስፓርን ድልድዩ ላይ አገኘሁት። ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

«የት አስቀመጣችሁት?» አልኩት።

«ማንን?»

«ወንድሜን!»

«ከኋላ ነው። ጉልበቱ…»

አልጨረሰም፤ ጥዬው ሮጥኩ። ከመጨረሻዋ ላም ኋላ ርቆ፣ በትሩን ተደግፎ፣ ላብና እንባ ፊቱ ላይ ተደባልቆ፣ ፍሪዶሊን እያነከሰ ይመጣል።

«ሮዚና! ስልሳ ዘጠኝ ደወሉ! እየቆጠርኩ ነው የመጣሁት» አለ። «መንደሩ ውስጥ ስልሳ ዘጠኝ የሞላን እኔና ያኮብ ብቻ ነን። ያኮብ ሞተ እንዴ?»

መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንተ ደንቆሮ! ያኮብ ታች ሆኖ ላንተ እያለቀሰ ነው! የተደወለው ላንተ ነው!»

ዞሮ ወደ ላሞቹ ቀንድ አየ፤ ገባው።

«ምነው ጥድ እንኳ ብታስር?» ብዬ ጮህኩበት። «ገደልከን እኮ!»

«የአንቺ አበባ አልመጣማ። ሠላሳ ሁለት ዓመት የእህቴን ጽጌረዳ አስሬ ወርጄ ዛሬ ቅጠል ሰብስቤ ልውረድ? እልህ ያዘኝ።» ዓይኑ ሣጥኑ ላይ አረፈ። «አልጋ ስር ነበር አይደል? ልጅ ሆነሽም ስትቆጪ ዕቃዬን ሁሉ እዚያ ነበር የምትደብቂው።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ይህን ለማወቅ ሬሳውን ፍለጋ መሮጥ ነበረብኝ። በሣጥኑ ትከሻውን መታሁት፣ አቀፍኩት፣ ደግሞ መታሁት። ካስፓር ላሞቹን አቆመ፤ ሦስታችን እዚያው መንገድ ላይ ጽጌረዳውን ማሰር ጀመርን። ብሩና የተባለችው ላም አንዱን በላችብን።

ስንገባ ሃይሪ ከደወሉ ቤት በር ላይ ባርኔጣውን ጥሎ ቆመ። ያኮብ ፍሪዶሊንን አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ቀጥሎ በሁለት ወር ታላቁ መሆኑን አስታውሶ ያን ሁሉ ስላስለቀሰው ሰደበው። ሙዚቃው በጣም ተበላሸ፤ ሲያለቅስ የዋለ ሰው መለከት መንፋት አይችልም።

ከዚያ ወደ ቤት ሄድን። ድንቹን ጠብሼ ፎርማጆ አቀለጥኩበት፤ ሁለት ሳህን ዘረጋሁ። ቀና ስል ወንድሜ ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ አይገባም።

«ምን ይገትርሃል?»

«ማዕዴ ላይ እንዳትቀርብ ብለሽኝ ነበር» አለ፤ እየቀለደ አልነበረም።

«እሱን ያልኩት ለሌላው ፍሪዶሊን ነው» አልኩት። «እሱ ደግሞ ሞቷል፤ ስልሳ ዘጠኝ ጊዜ ደውለንለታል። አንተ ግባና ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»